«ሕግ ወጣ» ሲባል፦ የኢሚግሬሽን ወሬ ከማስተላለፌ በፊት እንዴት እንደማጣራ

«ሕግ ወጣ» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምፈልገው የወረቀቱን ዓይነት ነው። ስለ አሜሪካ ኢሚግሬሽን በአማርኛ የሚዞረው ወሬ አብዛኛው ከመሬት ተነሥቶ የተፈጠረ አይደለም፤ ከጀርባው አንድ እውነተኛ ወረቀት አለ። የሚበላሸው መንገድ ላይ ነው። ገና ሐሳብ የሆነው «ተወሰነ» ይባላል፣ ለሌላ አገር የወጣው የኛ ይደረጋል፣ ከዓመታት በፊት የተሻረው ዛሬ የተጻፈ መስሎ ይመጣል። ስለዚህ ዋናውን ገጽ ሳልከፍት አላስተላልፍም። ቢበዛ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው።

የምከፍታቸው ገጾች ጥቂት ናቸው። የቪዛና የዲቪ ጉዳይ ከሆነ የስቴት ዲፓርትመንት (የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ገጽ፤ አሜሪካ ውስጥ ላለ ሰው የግሪን ካርድ፣ የሥራ ፈቃድ ወይም የዜግነት ጉዳይ ከሆነ ዩኤስሲአይኤስ (የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ)፤ ደንብ ከሆነ ፌዴራል ሬጅስተር (ደንቦች የሚታተሙበት የመንግሥት ጋዜጣ)፤ ረቂቅ ሕግ ከሆነ የኮንግረስ ገጽ። የሁሉም አድራሻ መጨረሻው ዶት ጎቭ ነው። በዶት ኮም ወይም በዶት ኦርግ የሚያልቅ ገጽ መንግሥት መስሎ ቢታይም የመንግሥት አይደለም።

ኮንግረስ ውስጥ የቀረበ ረቂቅ ቁጥሩ በኤችአር ወይም በኤስ ይጀምራል። አንድ የምክር ቤት አባል ብቻውን ሊያስገባው ይችላል፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች እስኪያጸድቁትና ፕሬዚዳንቱ ጋ ደርሶ ሕግ እስኪሆን ድረስ ማንንም አይነካም። አብዛኛው ረቂቅ ኮሚቴ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የመሥሪያ ቤት ደንብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለቴ ይወጣል፦ መጀመሪያ «ፕሮፖዝድ ሩል» ተብሎ ለሕዝብ አስተያየት (30 ወይም 60 ቀን የተለመደ ነው)፣ ኋላ «ፋይናል ሩል» ተብሎ። ሁለተኛው ላይ «ኢፌክቲቭ ዴት» (ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን) የሚል መስመር አለ፤ ሌላውን ሁሉ ከማንበቤ በፊት ዓይኔ እሱን ይፈልጋል። «ኢንተሪም ፋይናል ሩል» የሚባል ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ይኼኛው አስተያየት እስኪሰበሰብ ሳይጠብቅ ሥራ ላይ ስለሚውል «አትደንግጡ፣ ገና ሐሳብ ነው» ብሎ ማረጋጋት እዚህ ላይ ስሕተት ነው።

ለዲቪ ፓስፖርት ያስፈልጋል የሚለው ወሬ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ጁን 2019 ላይ ደንብ ወጣና ዋናው አመልካች ሲሞላ የፓስፖርት ቁጥሩን እንዲያስገባ ተገደደ። ፌብሩዋሪ 2022 ፍርድ ቤት ሻረው። ኦገስት 2025 ላይ ደግሞ እንደገና በሐሳብ ደረጃ ቀረበ። እንግዲህ በ2023 «ፓስፖርት የሌለው አይሞላም» ብሎ የ2019ኙን ያስተላለፈ ሰው የያዘው ወረቀት እውነተኛ ነው፤ ግን የሞተ ወረቀት ነው። «ዲቪ መሙላት ነጻ ነው» የሚለውም ለብዙ ዓመት ትክክለኛ ምክር ነበር፤ በሴፕቴምበር 2025 የወጣው ደንብ የ1 ዶላር መመዝገቢያ ክፍያ ሲያመጣ አረጀ። ትክክል የነበረ ምክር ከሐሰተኛው ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ሰዉ አምኖት ስለቆየ ማንም መልሶ አያየውም።

ከወረቀቱ ዓይነት ቀጥሎ «ማንን ነው የሚነካው?» ይመጣል። ጁን 4 ቀን 2025 የተፈረመው የጉዞ እገዳ 12 አገሮችን ሙሉ በሙሉ፣ 7 አገሮችን በከፊል ጠቅሷል። ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን ከ12ቱ ውስጥ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ በሁለቱም ዝርዝር አልነበረችም። እዚያው ወረቀት ላይ፣ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የተሰጠ ቪዛ በእገዳው ምክንያት እንደማይሰረዝና ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንደማይመለከት ተጽፏል። በጃንዋሪ 2026 ደግሞ ሌላ ውሳኔ መጣ፤ ከጃንዋሪ 21 ጀምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት እንዲቆም የሚል። እዚህኛው ላይ ኢትዮጵያ አለች። ነገር ግን የሚመለከተው በቋሚነት ለመኖር የሚሄደውን እንጂ የጉብኝትና የተማሪ ቪዛን አይደለም። ሁለቱን ጨፍልቆ «ኢትዮጵያ ታገደች» ብሎ መጻፍ ለትምህርት የሚሄደውን ልጅ በከንቱ ቀጠሮውን ያሰርዘዋል። የጁኑን ብቻ ይዞ «እኛን አይመለከትም» ማለት ደግሞ የቤተሰብ ቪዛ የሚጠብቀውን ቤት አሽጦ ያስቀምጠዋል።

ትርጉም ላይ አንድ ሁለት ቃል ያስቸግራል። «ሰስፔንድ» እና «ፖዝ» ለጊዜው ማቆም ናቸው፣ «ተርሚኔት» ማብቃት ነው፣ «ሪቮክ» ደግሞ የተሰጠን መልሶ መሰረዝ ነው። ሁሉንም «ተሰረዘ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ብዙ ነው። እርግጠኛ ካልሆንኩ የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ከአማርኛው ሥር አስቀምጠዋለሁ።

ቀንና ሰዓት ላይ እኛ ከሌላው የበለጠ እንሳሳታለን። ሁለት ካሌንደር አለን፣ ሁለት የሰዓት አቆጣጠር አለን፣ በዚያ ላይ የአሜሪካኖቹ ወርን አስቀድሞ የመጻፍ ልማድ አለ። የዲቪ ቪዛ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ሴፕቴምበር 30 ነው፤ ከዚያ አንድ ቀን አያልፍም፣ ይግባኝም የለውም። ውጭ ያለ ሰው ይህን «መስከረም 30» ብሎ ይጽፈዋል። አዲስ አበባ ያለው ዘመዱ ግን መስከረም 30ን እንደ መስከረም 30 ነው የሚያነበው፤ ያ በፈረንጅ ኦክቶበር 10 ነው። እውነተኛው ቀን መስከረም 20 ነው፣ ዕንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 በሚውልበት ዓመት ደግሞ መስከረም 19። አሥር ቀን ትርፍ ያለው መስሎት ሚዲካሉን (የጤና ምርመራውን) የሚያዘገይ ሰው ዓመት ሙሉ የጠበቀው ያመልጠዋል። ስለዚህ የወሩን ስም በፈረንጅኛው እንዳለ እጽፋለሁ፣ አጠገቡ የኛውን ቀን እጨምራለሁ። «10/11» የሚል ደግሞ በፍጹም አልጽፍም፤ ኦክቶበር 11 ነው ወይስ ኖቬምበር 10 የሚል ጥያቄ ያመጣል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ በ7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በ8 ሰዓት ትቀድማለች። የ2026 ዲቪ መመዝገቢያ ኦክቶበር 2 ቀን 2024 በዋሽንግተን እኩለ ቀን ተከፈተ፤ አዲስ አበባ ምሽት 1 ሰዓት ነበር። ኖቬምበር 7 በእኩለ ቀን ሲዘጋ ግን ሰዓቱ ስለተቀየረ አዲስ አበባ ምሽት 2 ሰዓት ሆነ። «ኖቬምበር 7 ይዘጋል» የሚለውን ብቻ የሰማ ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ጊዜ አለ ብሎ ከራት በኋላ ቢቀመጥ ገጹን ተዘግቶ ያገኘዋል። የጁን 2025ቱ እገዳም የጀመረው ጁን 9 በዋሽንግተን እኩለ ሌሊት ካለፈ 1 ደቂቃ (12:01) ላይ ነው፤ ይህ የጁን 9 መጀመሪያ እንጂ ማብቂያ አይደለም፣ በአዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት ከ1 ደቂቃ።

በየወሩ ብዙ ንግግር የሚያስነሣው ቪዛ ቡሌቲን ነው (የኢሚግራንት ቪዛ ተራ የት እንደደረሰ የሚያሳየው የስቴት ዲፓርትመንት ሰንጠረዥ)፤ የቀጣዩ ወር ብዙ ጊዜ ከያዝነው ወር አጋማሽ ጀምሮ ይወጣል። «ቀኑ ተራመደ» የሚል ወሬ ስሰማ በመጀመሪያ የማየው ዓምዱን ነው። ቻይና፣ ሕንድ፣ ሜክሲኮና ፊሊፒንስ ለብቻቸው ዓምድ አላቸው፤ ኢትዮጵያዊ የሚያነበው «ኦል ቻርጀብሊቲ ኤሪያስ» የሚለውን የመጀመሪያውን ነው። የሜክሲኮን ዓምድ አይቶ ተስፋ የቆረጠ ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም። ሰንጠረዡም ሁለት ነው። «ፋይናል አክሽን ዴትስ» ቪዛው የሚሰጥበት ነው፤ «ዴትስ ፎር ፋይሊንግ» ሰነድ ማስገባት የሚጀመርበት ሲሆን ብዙ ጊዜ ወደፊት የቀደመ ነው። ሁለተኛውን አንብቦ «ደረሰልን» ብሎ ድግስ መጥራት አለ። ፕራዮሪቲ ዴቱ (ተራው የተያዘበት ቀን) ከተጻፈው ቀን መቅደም አለበት፤ እኩል ከሆነ ገና ነው። «ሲ» ማለት ተራ መጠበቅ የለም ማለት ነው፣ «ዩ» ማለት ለጊዜው ቪዛ የለም። የአሜሪካ ዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ ከ21 ዓመት በታች ያለ ያላገባ ልጅ፣ እንዲሁም ወላጅ (ልጁ 21 ከሞላ) ይህ ሰንጠረዥ ጨርሶ አይመለከታቸውም፤ ተራ አይጠብቁም። ለእነሱ ቡሌቲን መላክ ጭንቀት መላክ ነው።

ዲቪው እዚያው ቡሌቲን ውስጥ ከታች ለብቻው አለ፤ የያዝነው ወርና የሚቀጥለው ወር ቁጥር ተለያይቶ ይቀመጣል። 2026ኤኤፍ00012345 የሚል ኬዝ ነምበር ያለው ሰው ዓመቱን፣ ኤኤፉንና ዜሮዎቹን ጥሎ 12,345 ብቻ ያነጻጽራል፤ ከተጻፈው ቁጥር ማነስ አለበት። ከአፍሪካ ረድፍ ጎን የተለየ ቁጥር የተሰጣቸው አገሮች በስም ይጻፋሉና ያንን ሳላይ አላልፍም። ቁጥሩ 12,345 ነው ማለት 12,344 ሰው ከፊት ቆሟል ማለት አይደለም፤ በመሐል የተጣሉ ፎርሞች የተዉት ክፍተት አለ። በቅርብ ዓመታት ወደ 50,000 ለሚጠጋ ቪዛ ከ100,000 በላይ ሰው ስለተመረጠ «ዲቪ ደረሰኝ» እና «ቪዛ አገኘሁ» መሐል ረጅም መንገድ አለ።

ቲፒኤስ (አገራቸው ችግር ላይ ላለ፣ አሜሪካ ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች የሚሰጥ ጊዜያዊ ከለላ) ላይ የሚሳተው ማራዘምና እንደገና መክፈት ነው። ለኢትዮጵያ መጀመሪያ የተሰጠው ከዲሴምበር 12 ቀን 2022 ሲሆን ከኦክቶበር 20 ቀን 2022 ጀምሮ አሜሪካ ይኖር የነበረውን ይመለከት ነበር። በ2024 ሲራዘም ለነባሮቹ ጊዜ ተጨመረ፤ በተጨማሪም እንደገና ስለተከፈተ እስከ ኤፕሪል 11 ቀን 2024 የገቡትም እንዲያመለክቱ ሆነ። በዚያው ሳምንት «ቲፒኤስ ተራዘመ» የሚለውን ብቻ ያነበበ አዲስ ገቢ እኔን አይመለከትም ብሎ ያልፋል፤ «ቲፒኤስ ተከፈተ» የሚለውን ያነበበ ነባር ደግሞ ማደሱን ይረሳል። አንድ መልእክት ላይ ሁለቱን ቀን ለይቶ መጻፍ ነበር መድኃኒቱ።

ሰዎች የቪዛ ኬዛቸውን ገጽ አይተው ከሚልኩልኝ ጥያቄ ውስጥ በጣም የሚያስደነግጣቸው «ሪፊውዝድ» (ተከለከለ) የሚለው ቃል ነው። ኢንተርቪው ላይ ሰነድ ጎደለ ተብሎ ወይም ተጨማሪ ማጣራት ያስፈልጋል ተብሎ 221ጂ በሚባለው የሕግ አንቀጽ የተያዘ ኬዝም ገጹ ላይ «ሪፊውዝድ» ተብሎ ነው የሚታየው። በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ቆንስሉ የሰጠው ወረቀት ላይ ምን እንደተጠየቀ ማንበብ ነው። ዩኤስሲአይኤስ የሚያወጣው የመቆያ ጊዜ ደግሞ 80 በመቶው ኬዝ የሚያልቅበት ነው፤ ከአምስት ሰው አንዱ ከዚያ በላይ ይጠብቃል። «የኔ ሪሲት ካንተ በሁለት ቁጥር ይበልጣል፣ እኔ ጨረስኩ፣ አንተም ዛሬ ነገ ነህ» የሚለው ማጽናኛ በአይኦኢ ፊደላት ለሚጀምር የሪሲት (የማመልከቻ መቀበያ) ቁጥር ብዙ አይሠራም፤ ተከታታይ ቁጥሮች የተለያየ ቢሮ ሊደርሱ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ የምልከው መልእክት አጭር ነው። መልኩ እንዲህ ይሆናል፦ «ምንድን ነው፦ ፋይናል ሩል። ማንን፦ ዲቪ የሚሞላውን ብቻ፤ የተመረጠውን አይመለከትም። ከመቼ፦ ኦክቶበር እንዲህ፣ በኛ መስከረም እንዲህ። ዋናው ገጽ፦ ይኸው። ያየሁት፦ ዛሬ በዚህ ቀን።» የመጨረሻዋ መስመር ትንሽ ትመስላለች፤ መልእክቱ ከስድስት ወር በኋላ በሌላ ሰው ሲመለስ ዕድሜውን የምትናገረው ግን እሷ ናት። ዜናውን በድምፅ የሚልኩ ሰዎች አሉ፤ በድምፅ የመጣ ቀን ተፈልጎ አይገኝም፣ ሊንክም አይወጣውም፣ ስለዚህ እኔ በጽሑፍ ብቻ።

ስክሪንሾት የምቀበለው ሊንክ ፍለጋ እንዲያግዘኝ እንጂ እንዲተላለፍ አይደለም። የራሳቸውን ወረቀት ፎቶ የሚለጥፉ ሰዎች ኤ ነምበራቸውን (የኢሚግሬሽን ፋይል መለያቸውን)፣ የሪሲት ቁጥራቸውንና ባርኮዱን ሳይሸፍኑ ይልካሉ። ለዲቪ ደግሞ ኮንፈርሜሽን ነምበር፣ ፎርሙ ላይ «ላስት ኔም» ተብሎ የተሞላውን ስምና የልደት ዓመት የያዘ ማንም ሰው ውጤቱን ማየት ይችላል። በኢንተርኔት ቤት ወይም በደላላ ሲሞላ ያን ቁጥር የሞላለት ሰው ይዞ «ደርሶሃል፣ ግን ክፈል» የሚልበት መንገድ ይኸው ነው፤ ኢሜይሉም የሞላለት ሰው ከሆነ የጠፋ ቁጥር ማስመለሻውም በእሱ እጅ ነው። የዲቪ ውጤት በኢሜይል ወይም በስልክ አይነገርም፤ ራስ ገብቶ ነው የሚያየው። የቪዛው ክፍያም በሐዋላ ለማንም አይላክም። ፎቶው ላይ በማርከር ከመሸፈን ይልቅ ቆርጦ ማውጣት ይሻላል፤ በስልኩ ከፊል ግልጽ ማርከር የተሰመረበት ቁጥር ብርሃኑ ሲጨመር ተመልሶ ይነበባል።

ስሳሳት መልእክቱን ዝም ብዬ አላጠፋም። ያነበበው ሰው መጥፋቱን አያውቅም፣ ያስተላለፈውም በየቤቱ ቀርቷል። ከዚያው ሥር «ከላይ ያለው ስሕተት ነው፣ ትክክሉ ይኸው» ብዬ እመልሳለሁ፣ ወደሌላ ቦታ ያስተላለፉት ደግሞ እርማቱንም እንዲወስዱት ስማቸውን ጠርቼ እጠይቃለሁ።