ልጁን የጠራው ቪዲዮ

የምሠራው በባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ነው። ከሥራዎቼ አንዱ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት በስኬቲንግ ጫማና በስኬትቦርድ የሚለማመዱ ልጆችን ማስተባበር፣ የክበቡን የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጾችም መከታተል ነው። (በመጀመሪያው ማስታወቂያችን «የስኬት ክበብ» ብለን በመጻፋችን፣ ልጃቸውን ለሕይወት ስኬት ሥልጠና ሊያስመዘግቡ የመጡ አባት ነበሩ።) አዲስ አበባ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለስኬትቦርድ ተብሎ የተሠራ ሜዳ አላት፤ እኛ ያለን አስፋልት ብቻ ነው። ከተማችን ሜዳማ ብትሆንም የብዙ ሰፈሮች መንገድ ኮብልስቶን ስለሆነ ትናንሽ ጎማዎች አይሄዱበትም፤ ስለዚህ ልጆቹ ባጃጅ ወደሚርመሰመስበት ዋና መንገድ ይወጣሉ፤ የትና በስንት ሰዓት እንደምንገናኝ ቀድሞ መነጋገርም ከልምምዱ የማያንስ ሥራ ነው።

የምንነጋገረው በቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ቻናል ቢሆን ኖሮ የምጽፈው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ግሩፕ በመሆኑ ግን አንዱ «ዛሬ መንገዱ እርጥብ ነው» ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ሌላው የላላ ጎማ የሚያጠብቅበት ቁልፍ ይለምናል፣ ጫማ የጠበበው ለታናሹ ያስተላልፋል። በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ ሁሉ ጸጥ አለ፤ ያን ጊዜ የወላጆችን ስልክ በደብተር መዝግቤ፣ እየደወልኩ ነበር ልጆቹን የማሰባስበው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው የዓባይ ድልድይ አቅራቢያ፣ ከልጆቻችን አንዱ የባጃጅ ኋላ ይዞ ሲንሸራተት የተቀረጸ ቪዲዮ በቲክቶክ ለቀቅኩ፤ ቅዳሜ የምንገናኝበትን ቦታና ሰዓትም ከሥሩ ጻፍኩ። ቲክቶክ ቪዲዮን ለተከታዮች ብቻ ሳይሆን ጨርሶ ለማያውቁን ሰዎችም ስለሚያሳይ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቀው ተመልካች አገኘን። አለቃዬም በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ፤ ለደከምኩበት ሥራ እንኳ እንዲያ አመስግኖኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ከማናውቃቸው ብዙ ልጆች ጋር አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መጣ። ቲክቶክ ለመክፈት 13 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ እሱ ግን ያየን በታላቅ ወንድሙ ስልክ ነበር። ፊቴን ዞር ሳደርግ የሚያልፍ ባጃጅ ያዘ፤ ወደቀም። ጀማሪ ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ ክብደቱ ሁሉ አንጓው ላይ ያርፋል፤ ለክበቡ ልጆች ከመንሸራተት በፊት አወዳደቅን የምናስተምረው፣ የእጅ አንጓ መከላከያም የምናስጠልቀው ለዚህ ነው። ይህን ልጅ ያስተማረው ቪዲዮው ብቻ ነበር።

አንጓው ተሰብሮ ሐኪም ቤት ስናደርሰው ወላጅ ተጠየቅን። ልጁ የእናቱን ስልክ በቃሉ አያውቅም፤ ሰፈሩን ስንጠይቀው ያለቅሳል። በመጨረሻ ስሙንና የልብሱን ቀለም በግሩፑ ላይ ጻፍኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዲት ልጅ «የሰፈሬ ልጅ ነው፤ እናቱን ይዤ እመጣለሁ» ብላ መለሰች። ያ ሁሉ ተመልካች ያላወቀውን ልጅ ያወቀችው ዘወትር ስለ ጎማ የምትጨቃጨቀን ልጅ ነበረች።

እናትየው ሲደርሱ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አልኳቸው።

«ልጄን በስልክ ስትጠሩት አልቸገራችሁም፤ እኔን መጥራት ነው የቸገራችሁ?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በዚያው ምሽት ቪዲዮውን አጠፋሁት፤ አለቃዬ ቅር ቢለውም አልከለከለኝም። አሁን በቲክቶክ የምናሳየው መከላከያ አጠላለቅንና አወዳደቅን ነው። ቦታና ሰዓት የሚነገረው በግሩፑ ብቻ ሲሆን፣ ወደ ግሩፑ የሚገባውም ወላጁ ቀርቦ በደብተሩ የተመዘገበ ልጅ ነው፤ ስማርት ስልክ ለሌላቸው ወላጆች ዓርብ ማታ እደውላለሁ። የአዲስ መጪዎች ቁጥር ቀንሷል፤ እኔ ግን አልከፋኝም።

ልጁ ጄሶው ከተፈታለት በኋላ ከእናቱ ጋር ተመልሶ መጣ። ስልካቸውን መዝግቤ ደብተሩን ልዘጋ ስል «እስቲ ደውል» አሉኝ። ደወልኩ፤ ከመቀነታቸው ውስጥ ጠራ።