ጫማዬ የኔ መሆኑን ያስመሰከርኩበት ጠዋት

አንድ ጓደኛ አለኝ፣ በባዶ እግር መሮጥን ሃይማኖት ያደረገ። ጫማ አድርጎ የሚሮጥ ሰው ሲያይ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ ደግሞ ሶሉ ወፍራም፣ ስትረግጠው ስምጥ ብሎ መልሶ የሚያነሳህ ዓይነት ጫማ ነው ያለኝ፣ ቁመት ራሱ ይጨምርልኛል (ይሄን ጥቅሙን ለምን ካርቶኑ ላይ እንደማይጽፉት አላውቅም)። ታዲያ የሆነ ቀን አብረን ሮጠን ስንጨርስ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል የሚል ነገር አፌ አመለጠኝ፣ በቃ።

«ጫማህ ነዋ!» ብሎ ጀመረ። ስፖንጁን ተማምነህ ሳታውቀው እግርህን ወደፊት ዘርግተህ በተረከዝህ ትወርዳለህ፣ ምቱ ቀጥ ብሎ ወደላይ ይወጣል፣ ባዶ እግርህን ብትሆን ግን ተረከዝህን ስለሚያምህ ሳትወድ በግድህ በፊት እግርህ ታርፋለህ፣ እርምጃህም ያጥራል ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣውን የነ ዳንኤል ሊበርማንን ጥናት ራሱ የሰራው ይመስል ተነተነልኝ። ጥናቱ ጉዳት ይቀንሳል ወይ የሚለውን እንዳልለካ ግን ትንፍሽ አላለም፣ እሱን እኔ በኋላ ተኝቼ ነው ያነበብኩት፣ ለምን እንደተኛሁ እደርስበታለሁ። መጨረሻ ላይ ያው የሁሉንም አፍ የሚዘጋውን አመጣ፣ «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በምኑ ነው የሮጠው?» እዚህ ላይ ምን ይባላል? ዝም።

በነጋታው በጠዋት ወጣሁ። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ግን የት ላስቀምጠው? ጥዬው ብሄድ ስመለስ አላገኘውም፣ ስለዚህ ሁለቱን በማሰሪያቸው ቋጥሬ በእጄ አንጠልጥዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፣ አስፋልቱ ቀዝቀዝ ብሎ፣ እግሬም ድምጽ ሳያሰማ፣ እንዲህ ቀላል ሰው ነበርኩ እንዴ እያልኩ። ትንሽ ቆይቶ ጠጠር መጣ። ጠጠር የሚባል ነገር ጫማ ስታደርግ መንገድ ላይ የለም እኮ፣ ባዶ እግርህን ስትሆን ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ደግሞ ሁሌ ስሱ ቦታ መርጦ ነው የሚገባው፣ እኔም «ወይኔ! ወይኔ!» እያልኩ ስዘል ፍጥነቴ ጨመረ።

አሁን መንገደኛ ምን ይበል? ገና በጠዋቱ ባዶ እግሩን የሆነ፣ ምርጥ ስኒከር በእጁ ያንጠለጠለ፣ ወደኋላ እየዞረ «ወይኔ» እያለ የሚበር ሰው።

«ሌባ!» አለ አንዱ። እኔ ራሴ የት አለ ብዬ ሌባውን ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩት። ሁለት ጎረምሶች ወደኔ ሲመጡ ነው የገባኝ፣ ያዙኝ።

«የራሴ ነው!»

«የራስህ ከሆነ ለምን አላደረግከውም?»

ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ የለውም። ስለ ተረከዝና ስለ ፊት እግር ላስረዳ ስጀምር አንደኛው ጠጋ ብሎ አፌን አሸተተኝ። «እሺ አድርገውና እንየው» ተባለ። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ማሰሪያው ስሮጥ ሲወዛወዝ ጠብቆ ቋጠሮው አልፈታ አለ፣ እግሬ ደግሞ አብጧል፣ ሰውም እየተሰበሰበ ነው፣ ሁለቱ እንደተቋጠሩ ግራውን ብገፋው ብገፋው ግማሽ ድረስ ገብቶ እምቢ። «አያችሁ! ቁጥሩ እንኳን አይደለም!»

እድሜ ለአንዲት እናት። «ቆዩማ ልጆቼ» ብለው ጫማውን ተቀብለው አገላበጡት። አውራ ጣቱ ጋ ጨርቁ ተበስቷል። ቀዳዳውን አዩት፣ ከዛ ጎንበስ ብለው የኔን አውራ ጣት አዩት፣ ጥፍሬን ከቆረጥኩ ቆይቻለሁ። «የሱው ነው፣ ልቀቁት» አሉ። ከዛ ወደኔ ዞረው ቀስ ብለው «የኔ ልጅ፣ ጥፍርህን ቁረጠው እንጂ» አሉኝ። ሌባ ብባል ይሻለኝ ነበር።

ይሄ ግን ቀላሉ ነው፣ ዋናው በማግስቱ መጣ። ሰው ሁሉ ስለ ጠጠር ስለ ጠርሙስ ስብርባሪ ያስጠነቅቅሃል፣ ስለ ባት የሚነግርህ የለም። በፊት እግርህ ስታርፍ ጉልበትህ ላይ የሚቀንሰው ጫና የትም አይጠፋም፣ ወደ ባትህና ከተረከዝህ በላይ ወዳለው ጅማት ነው የሚዛወረው፣ ባትህ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከፍ ባለ ተረከዝ የተመቸው ከሆነ ያበቃለታል፣ ለዚህ ነው የሚያውቁት ሰዎች በጥቂት ደቂቃ ጀምረህ በወራት ልመደው የሚሉት። ውስጥ እግሬ ምንም አልሆነም፣ ባቴ ግን ድንጋይ ሆነ። ደረጃ መውጣት እችላለሁ፣ መውረድ አልችልም። እንደምንም ፊቴን አዙሬ ወደኋላ ስወርድ የጎረቤት ልጅ ከታች እየወጣ አየኝና ግድግዳ ተጠግቶ በጣም በአክብሮት አሳለፈኝ።

ታዲያ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ስልኬን ስጎረጉር ምን አገኛለሁ፣ አበበ ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 በባዶ እግሩ የገባው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ያውም ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ጥገና ባደረገ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ጓደኛዬ ሁሌ ወሬውን ሮም ላይ የሚያቆመው ለካ ወዶ አይደለም! በሌላ በኩል ደግሞ ደራራ ሁሪሳ በ2021 የቪየና ማራቶንን አንደኛ ሆኖ ገብቶ ሶሉ 5 ሴንቲሜትር ነው፣ የሚፈቀደው 4 ነው ተብሎ ድሉን ተነጠቀ። አንዱ ያለ ምንም ሶል ያሸነፈበትን ርቀት ሌላው በ1 ሴንቲሜትር ትርፍ ሶል አጣው። እኔ በሁለቱ መሀል ትራስ ላይ ነኝ።

ይሄን ሁሉ ልነግረው ስል እሱ ራሱ ደወለ። «አስፋልት ላይ መጀመርህ ነው፣ ሳር ላይ ብንሞክረው...» ሲል ጆሮው ላይ ዘጋሁት። ወዲያው መልሶ ደወለ፣ ታች በር ላይ ቆሞ ነው ለካ፣ ውረድና ክፈትልኝ ይላል።