የማን አድራሻ ነው የሚደበቀው?

በሥርዓተ ክወናው የብሉቱዝ ኮድ ላይ «ፕራይቬሲ» (ግላዊነት) የሚባል ፍላግ፣ ማለትም አንድን ተግባር የሚያበራና የሚያጠፋ ምርጫ፣ ተጨምሮ ለግምገማ ሲቀርብ አንድ መስመር ብቻ ጻፍኩ፦ «የማን አድራሻ ነው የሚደበቀው?» አድራሻ የምለው አንድ የብሉቱዝ መሣሪያ በአየር ላይ የሚለይበትን ቁጥር ነው።

ኮዱን የጻፉት የቡድናችን ነባር ባለሙያ ናቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ኮዱ ይሠራል፤ በስም አንጨቃጨቅ።» ፍላጉም በዚያው ስሙ ጸድቆ ወጣ።

ነገሩ ዛሬም ያንገበግበኛል። በብሉቱዝ ግላዊነት ሲባል የራስን ቋሚ አድራሻ ሸሽጎ በየጊዜው፣ አብዛኛውን ጊዜ በየ15 ደቂቃው፣ አዲስ ማውጣት ሊሆን ይችላል። የተጣመረን መሣሪያ ተለዋዋጭ አድራሻ በ128 ቢት ቁልፉ ፈትቶ ማንነቱን መለየትም ሊሆን ይችላል፤ ይህንን እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው ብሉቱዝ 4.2 ወዲህ ቺፑ ራሱ መሥራት ይችላል። ቁልፉን የሰጠን መሣሪያ በቋሚ አድራሻው ሲመጣ አለመቀበልም አለ። የእሳቸው ፍላግ የሚያበራው አድራሻ መፍታቱን ብቻ ነበር። ሌላውን ይለያል፣ ራሱን ግን አይሸሽግም።

«ይህን ስም ያነበበ ሰው ምን ይረዳል?» ብዬ ደግሜ ብጠይቅ «የሚመለከተው ሰው ያውቀዋል» አሉኝ። የሚመለከተው ሰው ግን አላወቀም። የቅንብር ገጹን የሠራው ባልደረባችን «መሣሪያዬን ደብቅ» የሚለውን ማብሪያ ከዚሁ ፍላግ ጋር አገናኘው። እሱን መውቀስ ግፍ ነው፤ ያመነው የተጻፈለትን ስም ነው።

ከዚያ በኋላ መከራከሩን ትቼ በአየር ላይ የሚያልፈውን ምልክት የሚቀዳውን ስኒፈር አስነሣሁ፤ ማብሪያውንም አበራሁ። በቁልፍ የሚፈታ ተለዋዋጭ አድራሻ የላይኞቹ ሁለት ቢቶች 01 ስለሆኑ በሄክሳዴሲማል (በ16 መደብ የቁጥር አጻጻፍ) ሲጻፍ በ4፣ በ5፣ በ6 ወይም በ7 ይጀምራል። የእኛ በ0 ጀመረ፤ ዓይነቱም «ፐብሊክ» (ቋሚው) ይላል። ሩብ ሰዓት አልፎም ያው አድራሻ ነው። ተደብቄያለሁ ብሎ የሚሄድን ሰው በዚያች አድራሻ ማንም ሊከታተለው ይችላል። ይህ ለእኔ የስም ጉዳይ ሳይሆን ለሰው የተነገረ ውሸት ነው።

ቅጂውን በግምገማው ሥር ሳያይዘው ማንም አልተከራከረም። ሥራው ለሦስት ፍላጎች ተከፈለ፦ «የራስን አድራሻ ቀያይር»፣ «የተጣማሪን አድራሻ በቺፕ ፍታ»፣ «ቋሚ አድራሻን አትቀበል» በሚል ትርጉም። ስሞቹ ረዝመዋል፤ ይርዘሙ። አሮጌው ስም ግን ሌሎች ፕሮግራሞች ስለሚጠሩት ሊሰረዝ አልቻለም። ኮዱን አዲስ የሚከፍት ሁሉ አሁንም መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።