የማቆያው ሒሳብ

ልጄን የሕፃናት ማቆያ እንዳስገባሁ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ትከፍያለሽ?» ብሎ ነው። መልሱን ስነግረው ዓይኑ ይፈጣል። «ይሄማ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ነው!» ያለኝ የሥራ ባልደረባ አለኝ። አልተቀየምኩትም። ልጅ ሳይኖረኝ በፊት እኔም እንደሱ ነበር የምለው። የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ታዲያ ደመወዝሽ እዚያው ካለቀ ምን ያለፋሻል? ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አታሳድጊውም?»

ሒሳቡ ሁልጊዜ የሚቀነሰው ከእናት ደመወዝ ላይ ነው። ባለቤቴም ይሠራል፣ ልጁም የሁለታችን ነው። እሱን ግን «ደመወዝህ ለማቆያ እያለቀ ለምን ትሠራለህ?» ያለው ሰው እስከዛሬ አልሰማሁም። ክፍያው ከሁለታችን ደመወዝ ላይ እኩል ቢነሣ ጥያቄው ራሱ ይቀላል። ደግሞ ሥራ ያቆመች ሴት የሚቀርባት የወር ደመወዝ ብቻ አይደለም። እድገቱ ያልፋታል፣ የጡረታ መዋጮው ይቋረጣል፣ ስትመለስ ደግሞ «እነዚህን ዓመታት የት ነበርሽ?» ትባላለች። የማቆያ ክፍያ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ያበቃል። ይሄኛው ኪሳራ ግን ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። በቃ፣ እዚህ ላይ ከጀመርኩ አላቆምም፣ ልለፈው።

እኔን ሲያብሰለስለኝ የከረመው ሌላ ነገር ነው። ማቆያ ለወላጅ ከአቅም በላይ ነው። እዚያ የሚሠሩት ሴቶች ግን ደመወዛቸው ከወር ወር አያደርሳቸውም። ሁለቱም እውነት ነው። ታዲያ ገንዘቡ የት ይገባል? መጀመሪያ የጠረጠርኩት የማቆያ ባለቤቶችን ነው። የሚጠረጠሩም አይጠፉም። አንድ ማታ ግን ልጁ ከተኛ በኋላ ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ተቀመጥኩ።

አንድ ሰው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ስንት ሕፃናትን መያዝ ይችላል? የእንግሊዝ ደንብ አንድ ለሦስት ይላል። እሱን ልያዝ ብዬ ጀመርኩ። ሦስት ቤተሰብ የአንዲት ተንከባካቢን ደመወዝ ይካፈላል። ግን ማቆያው በቀን አሥር ሰዓት ክፍት ከሆነ የስምንት ሰዓት ሠራተኛ አትሸፍነውም። እሷም ምሳ ትበላለች፣ ትታመማለች፣ የዓመት ፈቃድ ትወጣለች፤ በእሷ ቦታ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ይሄን ብቻ ስደምረው የእኔ ድርሻ ከአንድ ሰው ደመወዝ ግማሽ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። ኪራዩ፣ ውኃና መብራቱ፣ ምግቡ፣ ጽዳቱ፣ አስተዳደሩ ገና አልተነካም። የሌላ ሰው ግማሽ ደመወዝና ከዚያም በላይ ከራሴ ደመወዝ ላይ እየቆረስኩ ነው ማለት ነው። ቢያንገዳግደኝ ምን ይገርማል!

ለካ ይሄ ነገር በምጣኔ ሀብት ትምህርት ውስጥ የታወቀ ነው። ዊሊያም ባውሞልና ዊሊያም ቦወን የሚባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ቲያትርና ሙዚቃ ቤቶች ወጪ ያሳተሙት ጥናት አለ። አራት ሰው እንዲጫወተው የተደረሰ ሙዚቃ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አራት ሰው ይፈልግ ነበር፤ ዛሬም አራት ሰው ነው። በፋብሪካ ግን ማሽኑ በተሻሻለ ቁጥር አንድ ሠራተኛ የሚያመርተው ይጨምራል፣ ደመወዙም አብሮ ያድጋል። ሙዚቀኛውም የሚመጣጠን ነገር ካልተከፈለው ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው ምንም ሳይለወጥ ወጪው ይንራል። ስለ ሕፃናት ብለው የጻፉት አይደለም፤ እኔ ግን ሳነበው የታየኝ የልጄ ምሳ ሰዓት ነው። አንዱን ማንኪያ ይጎርሳል፣ ሁለተኛውን ይተፋል፣ ሦስተኛውን ፀጉሩ ላይ ይቀባዋል። ግማሽ ሰዓት። ይህን የሚያፋጥን ማሽን የለም። ዋጋውን መቀነስ የሚቻለው ለአንዲቷ ሴት ብዙ ልጅ በመስጠት ወይም ለእሷ ትንሽ በመክፈል ነው። ብዙ ቦታ ሁለቱም ይደረጋል።

ማቆያ ስናፈላልግ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር። በዓይኔ ነው የሄድኩት። አንደኛው ቦታ ሲያዩት ያስጎመጃል። ግድግዳው በእንስሳት ሥዕል አሸብርቋል። ካሜራ አለው፣ «ልጅሽን በስልክሽ ቀኑን ሙሉ ታይዋለሽ» አሉኝ። መጫወቻዎቹ ያብረቀርቃሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን አንዳንዶቹ ገና ከፕላስቲካቸው አልወጡም። የተደረደሩት ደግሞ በእኔ ትከሻ ልክ በተሰቀለ መደርደሪያ ላይ ነው። ገና መራመድ የሚለምድ ልጅ በምን ደርሶ ይወስዳቸዋል? ሕፃናቱ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት በረድፍ ተቀምጠዋል። አንድም ድምፅ የለም። አስተዳዳሪዋ «ልጆቻችን ጨዋ ናቸው፣ አያስቸግሩም» አለችኝ በኩራት። ክፍል ሙሉ ሕፃን ዝም ሲል እኔ ይጨንቀኛል።

ሌላው ቦታ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጠበብ ያለ ቤት ነው። ስንገባ አንዲት ተንከባካቢ ዳይፐር እየቀየረች ነበር። በአንገቷ ሰላም አለችንና ወደ ሕፃኑ ተመለሰች። «አሁን እግርህን ላነሣው ነው… እንዲህ። ቀዘቀዘህ አይደል? አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እስቲ ይሄን ያዝልኝ» ብላ ንጹሑን ዳይፐር ሰጠችው። እሱ በሁለት እጁ ይዞ እንደ ትልቅ ሰው ያገላብጠዋል። ጠርጋ ስትጨርስ እጇን ዘረጋች። አልነጠቀችውም፣ ጠበቀችው። እሱም አየት አደረጋትና መለሰላት። ከኋላዋ ሌላዋ ልጅ ቀሚሷን ይዛ ታለቅሳለች፤ እሷንም «መጣሁልሽ፣ ሰምቼሻለሁ» ትላታለች። ነገሩ ሁሉ ቢበዛ አራት ደቂቃ ነው።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ዓይን ለዓይን የሚገናኘው በአብዛኛው ሲታጠብ፣ ሲበላና ሲያስተኙት ነው። ቃል የሚሰማውም ያኔ ነው። ሕፃናቱ በብዛት ከተመደቡባት እሷም ዝም ብላ ጠርጋ፣ አሽጋ፣ ቀጣዩን ታነሣለች። ክፉ ሆና አይደለም፣ ጊዜ የላትም። በካሜራ ብናያት ደግሞ ሥራዋን በፍጥነት የምትሠራ ጎበዝ ሠራተኛ ትመስለናለች።

የተመዘገብነው ጠባቡ ቤት ነው። ወረፋ ነበረው፣ ጠበቅን።

ከክፍያው ሌላ ስላሉት ወጪዎች ብዙ አላወራም፣ የገባበት ያውቀዋል። የመመዝገቢያ አለ። ዳይፐሩና ዋይፐሩ ከቤት ነው። ዘግይቶ ለሚወስድ ቅጣት አለ። በዓል ሲመጣ ይዘጋሉ፣ ክፍያው ግን አይዘጋም። ትኩሳት ከታየበት ደግሞ «መጥታችሁ ውሰዱት» ይደወላል፤ ያን ቀን ለማቆያውም ከፍዬ ከሥራም ቀርቼ ነው። ማቆያ የገባ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ጉንፋን በጉንፋን ላይ እንደሚደራርብ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ካየሁት ሁሉ የከበደኝ ግን ያቺ ዳይፐር ስትቀይር ያየኋት ሴት ሥራ የለቀቀች ጊዜ ነው። ልጄ ለምዷት ነበር። ጠዋት በሩ ላይ ከእኔ ትከሻ ወደ እሷ ይወረወራል። ቀናሁ ብል አልዋሽም። አንድ ቀን መጣንና የለችም። አንድ ሱቅ ሒሳብ ተቀባይ ሆና ገብታለች፤ የተሻለ ይከፍላታል፣ ቅዳሜም አይደርስባትም። ማን ይፈርድባታል? ልጄ ግን ይህን አያውቅም። ተመሳሳይ ሽርጥ ያደረገች ሴት ባለፈች ቁጥር ሮጦ ፊቷን አይቶ ይመለሳል። ቀን ቀን መተኛት አቆመ። አዲሷም ደግ ናት፣ ግን የሚተኛው ጆሮው ሥር እየታሸ እንደሆነ እስክታውቅ ድረስ ስንት ቀን አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ማቆያ የሚፈልግ ሰው ምክር ሲጠይቀኝ ስለ መጫወቻውና ስለ ካሜራው አልነግረውም። ሠራተኞቹ ስንት ጊዜ እንደቆዩ ጠይቅ እለዋለሁ። አስተዳዳሪው ወዲያው ከመለሰ ጥሩ ነው። «ሁሉም ዲፕሎማ አላቸው» ብሎ ወሬ ከቀየረ ሌላ ቦታ ማየት ነው።

በዚያ ሰሞን በልጁ ጭንቀት የተነሣ ያላነበብኩት ነገር የለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ፣ ከ1,000 በላይ ልጆችን ከተወለዱ ጀምሮ እስከ ጉርምስና የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ። ጥሩ እንክብካቤ ያገኙት በቋንቋና በማሰብ በመጠኑ ሻል ብለው ተገኙ። ብዙ ሰዓት በማቆያ የዋሉት ላይ ደግሞ መምህሮቻቸው ትንሽ የበዛ አስቸጋሪነት አይተዋል፤ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። ከሁሉም የበለጠ ሚዛን የደፋው ቤት ውስጥ ያለው ሁኔታ ነበር። መጨረሻውን ሳነብ ተነፈስኩ። ቆይቼ ግን ይሄ ለእኛ ለወላጆች የተላከ ተጨማሪ የቤት ሥራ መሆኑ ገባኝ። ከሥራ ደክሜ ስገባ ልጁ ከእኔ የሚፈልገው ያንኑ የአራት ደቂቃ ትዕግሥት ነው።

«መንግሥት ይክፈለው» የሚሉ አሉ፤ እኔም አንዷ ነኝ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2002 ጣሪያ አበጀችለት፤ ለመጀመሪያው ልጅ ወላጅ የሚከፍለው ከቤተሰቡ ገቢ 3 በመቶ አያልፍም። ጀርመን ከነሐሴ 2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ቦታ የማግኘት መብት እንዲኖረው በሕግ ደነገገች። ግን ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ካልታየ የካናዳዋ ኩቤክ የደረሰባት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ወላጅ በቀን 5 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ተደረገ። እናቶች በብዛት ሥራ ገቡ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፈላጊው ስለበዛ ማቆያዎቹ በጥድፊያ ተስፋፉ። ተመራማሪዎች ገብተው ሲያዩ ብዙዎቹ ጥራታቸው ለክፉ የማይሰጥ ከሚባለው አያልፍም። ወላጆች በቦርድ የሚመሯቸው፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙት ከነጋዴዎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። እንግሊዝ ደግሞ በሌላ በኩል መጣች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 አንድ ሰው የሚይዛቸውን የሁለት ዓመት ልጆች ቁጥር ከአራት ወደ አምስት ከፍ አደረገች። በወረቀት ላይ ወጪ ይቀንሳል። አምስት የሁለት ዓመት ልጆች ይዞ መንገድ የተሻገረ ሰው ግን ይህን ደንብ አያወጣም።

አሁን ደግሞ የእኛው ማቆያ የክፍያ ጭማሪ ደብዳቤ ልኳል። የወላጆች ግሩፕ ተንጫጫ። «ዘረፋ ነው» የሚል አለ፣ «ለዚህ ጠባብ ቤት?» የሚል አለ። አንዷ እናት «በዚህ ገንዘብ ሞግዚት እቀጥራለሁ» ብላ ጻፈች። እኔ ሒሳቡን ስለማውቀው እንደነሱ መናደድ አቃተኝ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጭማሪው ስንቱ ለተንከባካቢዎቹ ይደርሳል? አስተዳዳሪዋ ስልክ ደውላ «አብዛኛው ለእነሱ ነው፣ አታስቢ» አለችኝ። ደብዳቤው ላይ ግን የለም። እንዲጻፍልን ጠየቅኩ። ሁለት አባቶችና «ዘረፋ ነው» ያለችው እናት አብረውኝ ፈረሙ።

ባለቤቴ ለማንኛውም ሌላ ቦታ ወረፋ እንያዝ ይላል። እኔ ልጁ አዲሷን ገና አሁን መልመዱ ነው፣ አንነካካው እላለሁ። የተንከባካቢዎቹ የደመወዝ ጭማሪ በጽሑፍ ከመጣ ከሌላ ወጪ ቀንሰን እንከፍላለን፤ ከምን እንደምንቀንስ ገና እየተጨቃጨቅን ነው። መልሱን እስከ ወሩ መጨረሻ ስጡን ብለናቸዋል።