ባለ አምስቱ ሞዞና ባለ ስድስቱ ቸርኬ

ኮምቦልቻ ጋራዥ ስሠራ ከገጠሙኝ ሥራዎች ይህችን ለጀማሪ መካኒኮች ደጋግሜ አነሳለሁ።

አንድ የግንባታ ሥራ የሚሠራ ደንበኛ ጄኔሬተር የሚያመላልስባት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ነበረችው። እዚሁ አገር የተበየደች ናት። ሞዞዋ፣ ማለትም ጎማው በቡሎን የሚታሰርበትና አብሮት የሚዞረው ብረት፣ ከአሮጌ የቤት መኪና የተወሰደ ባለ አምስት ቡሎን ነው። የሚጎትታት ሃይሉክስ ደግሞ ባለ ስድስት። ሰውየው አንድ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም እንዲያገለግለው ፈለገ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ገጠር መሀል ጎማ ሲፈነዳ የሚስማማውን ፍለጋ ደሴ መመላለስ ቀን ይበላል።

ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ቦታ ስድስት ቡሎን ሞዞው ጠርዝ ላይ በብየዳ ለጥፈውላታል። ሾፌሩ ጄኔሬተሩን ጭኖ ከደሴ ሲወርድ፣ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ በስፖኪዮ ቢያይ የግራው ጎማ ይዋልላል። ቀስ ብሎ ጥግ ያዘ። አላህ ነው ያተረፈው። ያንን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚያ ላይ የወለቀ ጎማ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም።

ጎማውን ስናወርደው ሁለት ቡሎን ከብየዳው ሥር ተቆርጧል። የቸርኬው፣ ማለትም ላስቲኩ የሚገጠምበት ብረት፣ ቀዳዳዎች ተበልተው እንቁላል መስለዋል። የተቆረጠውን ቡሎን ወደ ብርሃን አቀረብኩት። ግማሽ ፊቱ ዝጎ ጠቁሯል፣ ግማሹ ያብረቀርቃል። የጠቆረው ቀድሞ የተሰነጠቀው ነው። ያ ቡሎን ሐረጎ ከመድረሱ በፊት ግማሹ አልቆ ነበር ማለት ነው። የጎማ ቡሎን ጥንካሬው የሚመጣው በማሞቅና በማቀዝቀዝ ከተሰጠው ጠባይ ነው፤ ብየዳ ሲያርፍበት ያ ጠባይ ይበላሻል። ሞዞው ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ከሆነ ደግሞ ብየዳው ዳር ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል።

ደንበኛው ግን "ያንኑ ጠንከር አድርጋችሁ በይዱልኝ" አለ። ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ የሚሠሩት አዛውንት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ "አይሆንም ልጄ። አብሽር፣ ሌላ መላ አለው" አሉት።

"እሺ አባባ፣ አዲስ ቀዳዳ ቢበሱበትስ?"

ካሊፐሩን አንስተው ለካ ብለው ሰጡት። የሃይሉክሱ ቡሎኖች የተሰለፉበት ክብ ከመሀል እስከ መሀል 139.7 ሚሊ ሜትር ነው። ቡሎኑ 12 ሚሊ ውፍረት አለው። ስለዚህ የቀዳዳዎቹ የውጭ ጫፍ ከ151 ሚሊ ያልፋል። የሞዞው ፊት ግን 150 እንኳ አይሞላም። ቀዳዳው ጠርዙን ሰብሮ ይወጣል። ሰውየው ራሱ ለክቶ ስላየው ክርክሩ እዚያው አለቀ።

በሞዞውና በቸርኬው መሀል ሁለቱንም የሚያገናኝ ወፍራም ላሜራ ማስገባትስ? ይህንንም አባባ በኮምፓስ ብረት ላይ ሣሉት። ባለ አምስቱ ክብ 114.3 ነው። ሁለቱ ክቦች መሀል 12.7 ሚሊ ብቻ ይቀራል። አምስቱና ስድስቱ ቀዳዳ የትም ቢዞሩ አንዱ ከአንዱ ይጋፋል፤ ቡሎኑ ላይ ለሚጠብቀው ዳዶ ቁልፍ መግቢያ እንኳ ቦታ የለም። ደግሞ ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ሞዞው የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ ያለው ጫና ይጨምራል።

መላው የአክስሉን ሁለት ጫፍ መለወጥ ሆነ። ባለ ስድስት ቡሎን ሞዞ ከነጫፉና ከነኩሽኔታው ተገዛ። አሮጌው ተቆረጠ፣ አዲሱ ቱቦው ውስጥ ጠለቅ ብሎ ገብቶ፣ ቀጥ ማለቱ ከግራም ከቀኝም ተለክቶ ዙሪያውን ተበየደ። ብየዳ እዚህ ቦታው ነው፤ ቡሎን ላይ አይደለም።

ቸርኬ ሲመረጥ የመሀሉ ቀዳዳም ይለካ። ብዙዎች ስድስቱ ቀዳዳ ከገጠመ ጨረስን ይላሉ። የሚትሱቢሺ ፓጄሮ ቸርኬም 139.7 ነው፤ የመሀል ቀዳዳው ግን 67 ሚሊ ገደማ ሲሆን የሃይሉክሱ 106 ነው። የፓጄሮው ሃይሉክስ ሞዞ ላይ አይገባም። የሃይሉክሱ ጠባብ ሞዞ ላይ ሲሆን ደግሞ መሀሉን የሚይዘው ነገር የለም፤ ሥራው ሁሉ ዳዶው ላይ ይወድቃል። ዳዶውም ሾጣጣ ይሁን ጠፍጣፋ ከቸርኬው መቀመጫ ጋር መመሳሰል አለበት።

ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ተራ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ 110 ኒውተን ሜትር ገደማ አጠበቅናቸው። ሾፌሩን ጄኔሬተሩን ጭኖ ሐይቅ ድረስ ደርሶ እንዲመለስ አደረግነው። ሲመለስ እንደገና ብንሞክራቸው ጥቂቶቹ ትንሽ ዞሩ። አዲስ የገጠመ ጎማ ላይ ይህ ያለ ነው፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ዳግም የሚጠበቀው ለዚህ ነው። ደንበኛው ቁልፉን ገዝቶ ሃይሉክሱ ውስጥ አስቀመጠው።