«ጥሩው» የሚል ፖስታ

ጥቅምት 24

ውጭ ፀሐይ፣ ቤት ውስጥ ብርድ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው እኛ ሳሎን ተቀምጦ መሆን አለበት። ሰሞኑን እጄ ለምንም ነገር አይነሣም። ዛሬ ጠዋት የሹራቤን ቁልፍ ልትከል ብዬ ብቻ ተነሣሁና መርፌና ክሩ ያለበት መስሎኝ ከቁም ሳጥኑ አናት የኒዶ ጣሳውን አወረድኩ። የዘሩ ጣሳ ኖሯል።

በጋዜጣ የተጠቀለለ ድንብላል፣ በመድኃኒት ብልቃጥ የሽንኩርት ዘር፣ ጠርዙ የተቀደደ የቲማቲም ፖስታ። ከሁሉም ሥር አንድ ቡናማ ፖስታ፤ ላዩ ላይ በገዛ እጅ ጽሑፌ «ጥሩው» ይላል። ዓመት የለ፣ ወር የለ፣ የምን ዘር እንደሆነ የለ። ከሥሩ ሁለቴ ማስመሩን ግን አልረሳሁም።

መዳፌ ላይ ትንሽ አፈሰስኩ። የስፒል አናት የምታክል ክብ ፍሬ። ጎመን መሆኑን ማንም ያውቃል፤ የትኛው ጎመን ነው ጥያቄው። የዚህ ዘመዳሞች ዘር እርስ በርሱ ይመሳሰላል። ሰናፍጭ ከሁሉም ያንሳል፣ ይጠቁራል። የጥቅል ጎመን ዘር ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። የሐበሻ ጎመን ቀላ ወዳለ ቡናማ ወይም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ይሄኛው ቀላ ይላል፤ ስለዚህ የሐበሻ ጎመን፣ ጎመንዘር የሚባለው። እማዬ ብታየው ግን ሌላ ነገር ነው የምትለው፤ እሷ ጋ ጎመንዘር ማለት የምጣድ ማሰሻ ነው። «ጥሩው» ያልኩት ለመደብ ነው ወይስ ለምጣድ? ለምጣድም እኮ ጥሩና መጥፎ አለው።

ለማንኛውም ሀያ ፍሬ ቆጠርኩ። አሥር አይበቃም፣ አንዷ ፍሬ ብቻዋን አሥር በመቶ ትሆንና ሒሳቡን ታዛባለች። ሶፍት አጣጥፎ ማርጠብ፣ ከዚያ ጠብታ እስኪያቆም መጭመቅ። ዘርም ይተነፍሳል፣ ውኃ የቋጠረ ሶፍት ያፍነዋል። ፍሬዎቹን ሳይነካኩ ደርድሮ ጠቅልሎ ፌስታል ውስጥ ማስገባት፣ የፌስታሉን አፍ ላላ አድርጎ ማጠፍ፣ ፍሪጁ ጀርባ ሞቅ የሚለው ቦታ ላይ ማኖር። ጎመን በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ያጎነቁላል። ቲማቲም ሳምንት ይፈልጋል፣ ቃሪያ በዚህ ብርድ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም በላይ። ጎመኑን በሰባተኛው ቀን ቆጥሮ መዝጋት ነው። 16 እና ከዚያ በላይ ከወጣ እንደ ልብ ይዘራል። 10 ከሆነ እጥፍ አድርጎ መዝራት። ከዚያ ካነሰ የበቀለውም ችግኝ ቀጫጫ ስለሚሆን ወደ ምጣዱ ይሂድ፤ እማዬ ትረታለች።

የሽንኩርቱን ብልቃጥ መፈተንም አላስፈለገኝም። የሽንኩርት ዘር ሁለተኛ ዓመቱን ካለፈ እምብዛም አይታመንም። ቃሪያ ሁለት ሦስት ዓመት፣ ሰላጣ ሦስት፣ ጎመንና ቲማቲም አራት አምስት፣ ዱባ ከዚያም በላይ ይቆያል። ያውም በደንብ ከደረቀ።

ግን ቢበቅልስ? ከየትኛው ተክል እንደለቀምኩት ካላወቅሁ መብቀሉ ምን ያደርግልኛል? ሻጋታ የመታው ዘር ያስታውቃል፣ ይጣላል። የምርጫ ስሕተት ግን ሁለት ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚቀመጠው። እዚህ ላይ ነው ሶፍቱን ይዤ የፈዘዝኩት።

ሰኔ ላይ ከተዘራው ጎመን መሃል አንዱ ሁለቱ ይቸኩላሉ። ነሐሴ ሳያልቅ ግንድ አውጥተው ቢጫ አበባ ይከፍታሉ፣ ቅጠላቸው ይኮሰምናል፣ ይጠነክራል። ለወጥ ስለማይሆኑ አይቀነጠሱም፤ ስለማይቀነጠሱ ጥሩ አድርገው ዘር ይይዛሉ። ያኛው ደግሞ፣ ቅጠሉ ሰፊው፣ የሚለሰልሰው፣ አበባ የማያስበው፣ በሳምንት ሁለቴ ይቀነጠሳል። ነሐሴና ጳጉሜን ቤቱ የሚኖረው በእሱ ነው። መስከረም ጠብቶ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ሲባል እሱ ራቁቱን ቆሟል፣ ወይ ቦታው ለሌላ ተፈልጎ ተነቅሏል። እና ኅዳር ላይ «ዘር ያዝኩ» ብለን የምንኩራራበት የማን ዘር ነው? የቸኮሉት። በዓመቱ የሚቸኩሉት ይበዛሉ፣ በሦስተኛው ዓመት «ዘንድሮ ጎመኑ ምን ነካው» እያልን ዝናቡን እናማለን። ዘር ከልጓም ይስባል፤ የኛ ስንፍና ነው የሚስበው።

ሰላጣም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ድንብላል ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ፍሬውን ለቅመም ከፈለግን ቶሎ ያበበው ወዳጃችን ነው፣ ቅጠሉን ከፈለግን ጠላታችን። ስለዚህ መጀመሪያ የምንፈልገውን ማወቅ። ቀላል ይመስላል።

መፍትሔው ሐምሌ ላይ ነው የሚጀምረው። ቅጠሉ ያማረ፣ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ተባይ ያልወረረው፣ ያልቸኮለ ተክል መርጦ ክር ማሰር፤ ከታች ከታች ትንሽ ቀንጥሶ ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ እጅን መሰብሰብ። የቸኮለውን አበባው ሳይከፈት መንቀል፣ ከፈለጉ መቀቀል። «ከፍቶ ይታይ» ማለት አያዋጣም። የሐበሻ ጎመን አብዛኛውን በራሱ አበባ ነው የሚዳቀለው፣ ነገር ግን ንቦች ቀላል የማይባል ድርሻ አላቸው፤ አንድ ቸኳይ አጠገቡ ያሉትን ሁሉ ይነካካል። በዚሁ ምክንያት ከአንድ ተክል ብቻ ዘር መያዝ አይበጅም፣ ሀያ ቢሆን መልካም። ሀያ ጎመን ለዘር የሚያቆም ጓሮ ማን አለው? ስምንት አሥር አቁሞ ከጎረቤት ዘር ጋር መቀላቀል ይቻላል፣ ጎረቤት የቸኮለውን የምትነቅል ከሆነ። የላይኛዋ አትነቅልም። ነግሬያት «አበባው ያምራል» አለችኝ።

ጥቅል ጎመን አጠገብ አበበ ብሎ መጨነቅ ግን አያስፈልግም። የሐበሻ ጎመን ራሱ ጥንት ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የመጣ ነው፦ ከአንዱ 8፣ ከሌላው 9 ጥንድ ክሮሞዞም ወስዶ 17 ጥንድ ይዟል። ይህን የጎመኖች ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1935 ያስቀመጠው ናጋሃሩ ዩ የሚባል ሳይንቲስት ነው። ቁጥሩ ስለማይገጥም ከወላጆቹ ጋር መልሶ በቀላሉ አይዳቀልም። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ ግን አንድ ቤተሰብ ሳይሆኑ አንድ ሰው ናቸው ማለት ይቻላል፤ አብረው ካበቡ የሚወጣውን ነገር ማንም አይበላውም።

ሲደርስ የታችኞቹ ቀንድ መሳይ ፍሬዎች ቡናማ ሆነው ሲነቀነቁ ይንሿሿሉ። የሐበሻ ጎመን ቀንዱ ቶሎ ስለማይፈነዳ ጊዜ ይሰጣል፤ ወፍ ግን አይሰጥም። ከነግንዱ ቆርጦ አናቱን ወደ ታች ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ጥላ ውስጥ መስቀል፣ ሲደርቅ ጆንያውን በዱላ መውቃት፣ በሰፌድ ማበጠር። አንድ የሻይ ማንኪያ ወደ ሺህ ፍሬ ይይዛል። ለአንድ ጓሮ ከበቂ በላይ ነው፤ የተረፈው ለምጣዱ ይሁን።

ቲማቲም ላይ ስሕተቱ መልኩን ይቀይራል። የተበላው ጥሩው ነው፣ ለዘር የተረፈው የተሰነጠቀው፣ ያነሰው፣ መጨረሻ የቀላው። ማንም ያልፈለገውን ፍሬ ዘር እያደረግን ነው የምንመርጠው። ከሱቅ የተገዛ ቲማቲም ከሆነ ደግሞ ድቅል የመሆኑ ነገር ያጠራጥራል፤ የድቅል ልጆች መልካቸው ይበታተናል፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ እምብዛም የማያፈራ። ዘር የሚያዘው ከሁለት ሦስት ጤነኛ ተክል ነው፣ ከመጀመሪያዎቹ ምርጥ ፍሬዎች፣ ተክሉ ላይ እስኪበስሉ ቆይቶ። አግድም ቆርጦ ዘሩን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ መጭመቅ፣ ላላ አድርጎ ሸፍኖ በቀን አንዴ ማማሰል። ዝልግልጉ ዘሩ እንዳይበቅል የሚያግድ ነገር አለው፣ መብላላቱ ያንን ያስለቅቀዋል። ሙቀት ካለ ሁለት ቀን፣ እንዲህ ባለ ብርድ ሦስት አራት። ላዩ ነጭ ሻጋታ ሲያወጣ በውኃ ማጠብ፤ ደህናው ይሰምጣል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። ከዚያ በላይ ካቆዩት እዚያው ብርጭቆ ውስጥ ይበቅላል። ሶፍት ላይ አይደርቅም፣ ይጣበቅና ከነሶፍቱ መዝራት ይመጣል። ሳህን ላይ፣ ጥላ ውስጥ፣ እያገላበጡ።

ቃሪያን በአረንጓዴው ቀድዶ ዘር ማውጣት ድካም ብቻ ነው፣ ዘሩ አልበሰለም። ቀልቶ መጨማደድ ሲጀምር ነው። የማያቃጥለውና የሚያቃጥለው ጎን ለጎን ካሉ ንብ ታዳቅላቸዋለች፤ ማቃጠል በዘር የሚያይል ጠባይ ስለሆነ በሚቀጥለው ክረምት «የማያቃጥል» ያልነው እንግዳ ያስለቅሳል። አሮጌ አጎበር ቆርጦ፣ አበባው ሳይከፈት አንድ ቅርንጫፍ ሸፍኖ ማሰር፣ ፍሬ ሲይዝ አጎበሩን ማንሣትና ያንን ቅርንጫፍ ላይ ክር ማሰር። እንደገና ክር።

ካሮት፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ ላይ አልደክምም። ለማበብ ረዘም ያለ ብርድ ይፈልጋሉ፣ ከብርዱም በኋላ ቦታ ይዘው ወራት ይቆማሉ። የቆስጣና የቀይ ሥርን የአበባ ብናኝ ደግሞ ነፋስ ነው የሚያመላልሰው፣ ነፋስን አጎበር አይመልሰውም። ይገዛል።

ስለ ማድረቅ ብዙ አልልም። የዘሩ እርጥበት በአንድ በመቶ ሲቀንስ ዕድሜው እጥፍ ገደማ ይረዝማል፣ ያለበት ቦታ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሲቀንስም እንደዚያው። የጎመን ፍሬ በጥፍር ሲጫን ከተፈረካከሰ ደርቋል፣ ከተጨፈለቀ ገና ነው። የዱባ ፍሬ ሲታጠፍ ቀጭ ማለት አለበት። ሩዝ በደረቅ መጥበሻ ቡናማ እስኪሆን አምሶ፣ ትኩስ እያለ በጠርሙስ ከድኖ አቀዝቅዞ፣ በጨርቅ ቋጥሮ የዘሩን እጥፍ ያህል አብሮ መክደን፤ ሳምንት ቆይቶ ማውጣት። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ጠርሙስ ከወጣ በኋላ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አይከፈትም፣ አለበለዚያ ጤዛው ዘሩ ላይ ነው የሚያርፈው። ከምድጃ በላይ የማሽላ ዛላ የሚሰቅሉት እናቶች ይህን ሁሉ በአንድ ጢስ ይጨርሱታል፤ ድርቀትም፣ ነቀዝ መከላከያም።

የዘር ባንክ ለረጅም ጊዜ የሚያኖረውን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። እዚያ ዘሩ ይተኛል፣ አይለወጥም። ዶ/ር መላኩ ወረደ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውንና ዛሬ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነውን ማዕከል ለዓመታት የመሩት፣ ማቀዝቀዣው ብቻውን አይበቃም፣ ገበሬው ማሳ ላይ እያበቀለ እየመረጠ ይያዘው ሲሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። የእኔ ጣሳ ከሁለቱም አይደለም። አይቀዘቅዝም፣ አይመርጥም።

ጥቅምት 28

ሰባተኛው ቀን ሳይደርስ ከሀያው አሥራ ሰባት። 85 በመቶ። ደስ ብሎኝ አዲስ ፖስታ ላይ ጻፍኩ፦ የሐበሻ ጎመን፣ የተፈተነበት ቀን፣ 17/20። የአሮጌውን ስም ግን መጣል አቅቶኝ «ጥሩው (ይባላል)» ብዬ ጨመርኩበት።

ከዚያ የዘንድሮውን ልይ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አሥራ አራት ጎመን ቆሟል፣ ሁሉም ቀንድ ይዟል፣ ሁሉም እኩል ቁመት። የክሩ ጥቅልል አጥሩ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከሐምሌ ጀምሮ። መርፌው ተሰክቶበት ዝጓል። ዘጠኙ ላይ ነጭ ክር አለ፣ አምስቱ ላይ ቀይ። ለዘር የሚቀረውን በአንዱ፣ ቸኩሏልና ይነቀል ያልኩትን በሌላው ማሰሬን በደንብ አስታውሳለሁ። የሚነቀለውን ለምን ያኔውኑ እንዳልነቀልኩት አላውቅም፤ እንግዳ መጥቶ ይሆናል።

ቀይ ማለት አትንኩ ነው። ወይስ ቀይ ማለት ይውጣ?