ከጉልሕ ጽሕፈት ወደ ፎንት፦ የመጀመሪያዎቹ 42 ሆሄያት

በጎንደር ዘመን የብራና ጉልሕ ጽሕፈት (ትልልቅና ወፈር ያለ የእጅ ጽሕፈት) ላይ የተመሠረተው ፎንት ስድስት ፊደላት ደርሷል፦ ሀ፣ ለ፣ በ፣ ተ፣ ወ፣ ዐ፤ በሰባቱ መደብ 42 ሆሄ። 33ቱ ሲሞሉ 231 ይሆናሉ። እነዚህ የተመረጡት ባለ ሁለት እግሩም፣ ባለ አንድ እግሩም፣ ክቡም ስላለባቸው ነው።

ናሙናው ከብራና ይወሰድ። ጀርመናዊው ቄስ ዮሐንስ ፖትከን በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን ካሳተመ ወዲህ የግዕዝ ፊደል በብረት ሲቀረጽ ኖሯል፤ ኅትመት ግን ብዕሩ ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ አያሳይም። ከአንድ ጸሐፊ እጅ የየሆሄውን አምስት ናሙና ውሰዱና ከሁሉ ያማረውን ትታችሁ ሌሎቹን የሚመስለውን ምረጡ።

ከመሳል በፊት በመቃ ብዕር መጻፍ ግድ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጫፍ ከአግድም መስመር 30 ዲግሪ ካዘነበለ ቋሚው ጭረት 2.6፣ አግድሙ 1.5 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ሁለቱ እኩል ከወፈሩ እጃችሁ ወደ 45 ዲግሪ ዞሯል ማለት ነው። የብራናውን ጸሐፊ የብዕር ዝንባሌ ለማወቅ የ«በ»ን አናት ውፍረት ለእግሩ ውፍረት አካፍሉ፤ 0.58 ከመጣ 30 ዲግሪ፣ 0.36 ከመጣ 20 ዲግሪ ነው።

ስካኑ 600 ነጥብ በኢንች ይበቃዋል። ሶፍትዌሩ የሆሄውን ዙሪያ በራሱ ተከትሎ እንዲስለው አትፍቀዱ፤ የብራናውን ሻካራነትና የቀለሙን ፍሳሽ ሁሉ ቅርጽ አድርጎ ይይዘዋል። የሆሄውን ቅርጽ የሚይዘው የመስመር ነጥብ በጫፎችና በመታጠፊያዎች ላይ ብቻ፣ በእጅ ይቀመጥ።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው መደቦቹ ላይ ነው። የካዕብን ቅጥያ ከ«ሉ» ወስዶ «ቡ» ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ «ሩ» እና «ፉ» ላይ ሲደረስ ግን አይሠራም፣ እንደ አዲስ ይሳላሉ። ራብዕ ደግሞ ከሁሉ ያስቸግራል። «በ»ን «ባ» ለማድረግ የግራውን እግር ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ቀላል ይመስላል፤ የተቆረጠው ጫፍ ግን የብዕሩን ዝንባሌ ያጣና እንደ ጉቶ ይቀራል። ሙሉውን የእግር ጫፍ ወደ ላይ አንሡት እንጂ አትቁረጡት። «ዐ»ን ወደ «ዓ»፣ «ወ»ን ወደ «ዋ» ስትወስዱ ደግሞ አካሉ ለእግሩ ቦታ ለመልቀቅ ያንሳል። በማጨመቅ ካሳነሳችሁት አግድሙ አብሮ ይቀጥናል፣ ገጹም ላይ «ዓ» የገረጣ ይመስላል። በዚያው የብዕር ስፋት አሳንሳችሁ እንደገና ሳሉት።

አኃዞቹ ገና ቢሆኑም አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዝ፦ ፲፱፻ ሲጻፍ የላይና የታቹ መስመር መያያዝ አለበት። የግራና የቀኝ ክፍተታቸውን ዜሮ አድርጉ፤ ቁመቱ 1000 አሃድ (የፎንት መለኪያ) በሆነ ፎንት መስመሩን በየጎኑ 5 አሃድ አሳልፉት። ያለዚያ ስክሪን ላይ ስንጥቅ ይታያል።

ቀጣዮቹ ሐ፣ መ እና ሠ ናቸው።